ሰርተፍኬቱን ያተምኩት እኔ ነኝ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሐዋሳ ሰው ዘንድ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «ስላንተ ነው የተጻፈው» ብለው ሳቁብኝ። ነገሩ አልተሳሳቱም።

ጸሐፊው ከተማችን የሰርተፍኬት ከተማ ሆናለች ይላሉ። ትምህርት ቤቱ፣ የሰፈር ቡድኑ፣ የወጣት ማኅበሩ በየሰበቡ ይመሰገናል። ባነር ይሰቀላል፤ ካባ ይለበሳል፤ በማግስቱ ይረሳል። ስለዚህ ሽልማቱ ይቅር ይላሉ። አምስት ምክንያት አላቸው። ገንዘብ ማባከን ነው። ግዴታውን የተወጣ አይሸለምም። መሸለም ካለበትም ውጤት ያመጣ ብቻ ነው። የወጣት ማኅበራት የሚባሉት አብዛኞቹ ለአበል የተሰበሰቡ ናቸው። በመጨረሻም ሽልማት ምቀኝነትን ያመጣል።

እኔ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ባነር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ምን የማልሠራው አለ። ከእነዚያ ሰርተፍኬቶች ቀላል የማይባሉትን ያተምኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ጥቅም እንዳለኝ አስቀድሜ ተናዘዝኩ። ግን «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባል የለ? የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ልናገር።

ከገንዘቡ ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ እውነት ይዘዋል። ሂሳቡን ግን እኔ አውቀዋለሁ። አንድ ሰርተፍኬት በደህና ወረቀት፣ በቀለም ታትሞ ላሚኔት ሲደረግ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ብሩ የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው። የአዳራሽ ኪራይ አለ። ምሳ አለ። የክብር እንግዳው ስለሚያረፍዱ ከምሳው በፊት ሻይና ኬክ አለ። ባነሩ ላይ ደግሞ የድጋፍ ሰጪዎች ዓርማ ይደረደራል፤ አንዱ ከሌላው በሁለት ሴንቲ ካነሰ ጉድ ፈላ! በዓርማ መጠን የተነሳ አንድን ባነር ሁለቴ ያተምኩበት ቀን አለ። የተመሰገነው ቡድን ስም ከታች በትንንሽ ፊደል ነበር። በእሱ ማንም አልተጣላም።

ታዲያ መቅረት ያለበት ምሳው ነው ወይስ ምስጋናው? ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ በሚኒ ሚዲያው ማይክ «እናንተ ይህን ሠርታችኋል» ማለት ሳንቲም አያስወጣም። የእድር ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ መውሰድም እንደዚያው። በዚያ ገንዘብ ኳስ ይገዛ ነበር ይላሉ ጸሐፊው። ይገዛ! ግን ለማን ይሰጥ? የትኛው ሜዳ ላይ ስንት ልጅ በስንት ኳስ እንደሚሠለጥን ያየ ሰው ከሌለ ኳሱም ሄዶ የሚያርፈው ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ቤት ነው። ኳስ ለመስጠትም መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል።

የሁለተኛው ነጥብ፣ የግዴታው ነገር፣ ትንሽ አናዶኛል። መምህር ደመወዝ ይበላል፤ አሠልጣኝ ወዶ ገብቷል፤ ምን ያስመሰግናቸዋል ነው ነገሩ። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» የሚለውንም ተረት ጠቅሰዋል። ይህ ተረት እኮ ሥራውን ለሚያውቅበት ተወው ነው የሚለው። ለሚያውቅበት ለመተው ደግሞ የሚያውቅበት ማን እንደሆነ መለየት አለበት። ተረቱ ከእኔ ጎን ነው የቆመው።

ለመሆኑ የመምህር ደመወዝ እስከ የት ድረስ ነው? ክፍለ ጊዜው ይከፈላል። ከትምህርት በኋላ ከሚኒ ሚዲያ ልጆች ጋር እስከ 11 ሰዓት የሚቆዩባት ሰዓትስ? የቀይ መስቀል ክበቡ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚወጠረው የመረብ ኳስ መረብስ? የሰፈር ፕሮጀክት፣ የታዳጊ ልጆች ቡድን ማለቴ ነው፣ አሠልጣኝማ ደመወዝ ቀርቶ የፊሽካው ገመድ እንኳ ከራሱ ኪስ ነው።

ደግሞ እኛ ራሳችን ዕውቅና ሲመጣልን እንዴት እንደሆንን እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ አዲስ ዓመት፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ በዩኔስኮ ሲመዘገብ «የራሱን አዲስ ዓመት ማክበር ግዴታው ነው፤ ምን ያስመዘግበዋል?» ያለ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አልሰማሁም። ከዋክብትን አይተው ቀኑን የሚለዩት አያንቶዎች ዓለም ባያውቃቸውም ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር። ሲያውቃቸው ግን ደስ አለን። እኔም ለዚያ ዓመት ባነር ሳትም እጄ ዛለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከምተይባቸው ነገሮች ሁሉ ረጅሙ የቀብር የሕይወት ታሪክ ነው። ቤተሰብ ማታ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ለጠዋት መድረስ አለበት። አንድ ጊዜ የመጡት የሰፈራችን የልጆች ቡድን አሠልጣኝ ወዳጆች ነበሩ። እኔም ትንሽ ሆኜ እሱ ጋ በረኛ ነበርኩ፤ መጥፎ በረኛ። «ለስንት ዓመት አሠለጠነ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ሃያ አለ። አንዱ የለም፣ ሃያ ስድስት ነው አለ። የእድሩ ጸሐፊ ሜዳው ገና ቁልቋል እያለ ነው የጀመረው ብለው ሞገቱ። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። የተጻፈ ነገር አላገኘንማ። በመጨረሻ «ለበርካታ ዓመታት» ብዬ ተየብኩት። ከዚያ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ» ብሎ የጻፈለት ወረቀት በእጃችን ቢኖር ኖሮ ያን ሌሊት አንጣላም ነበር። እሱም መልሱን በሰጠን።

ወደ ሦስተኛው እንሂድ። ብዙ ሰው የወደደላቸው ይህን ነው። ትምህርት ቤት በ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ክለብ በዋንጫ ይመዘን፤ ሌላው ወሬ ነው ይላሉ።

እስቲ በእሳቸው ሚዛን እንመዝን። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ። 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን በእነዚያ 1,328 ግቢዎች ውስጥ የሚመሰገን አንድ ሰው የለም ማለት ነው። አቋርጣ የነበረችን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄዶ የመለሰ መምህር የለም። ቤተ መጻሕፍቱን ምሳ ሰዓት ሳይዘጋ የዋለ ሠራተኛ የለም። ይህን የሚያምን ይመን።

በሌላ በኩል በየዓመቱ ተማሪዎቹን በሙሉ ወይም በሙሉ ለማለት የሚያስደፍር ቁጥር የሚያሳልፉትን አስቡ። ብዙዎቹ ተማሪ በመግቢያ ፈተና የሚቀበሉ፣ አዳሪ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ይመሰገኑ፤ ለፍተዋል። ግን የመጡላቸው ልጆች ሲገቡም ጎበዞች ነበሩ። በከተማው ዳር ያለው ትምህርት ቤት ምርጫ የለውም። የመጣውን ይቀበላል። ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ታናሿን አድርሳ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የምትደርሰውን ልጅ ይቀበላል። እሱን ከአዳሪው ጋር አወዳድሮ «ውጤት የለህም» ማለት ሸክም የተሸከመን ሰው ከባጃጅ ጋር ማሽቀዳደም ነው። ትምህርት ቤቱን ከራሱ ካምና ጋር እናወዳድረው። አምና ከ7ኛ ወደ 8ኛ ስንት ሴት ልጅ ቀረች? ዘንድሮስ? የመጸዳጃ ቤቱ በር ተጠገነ? ክበቦቹ በወረቀት ብቻ ነው ያሉት ወይስ ይሰበሰባሉ? «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ወላጅ ሲያዋጣ ገንዘቡ ጣሪያ ሆኖ ታየ? ይህን ሁሉ የፈተና ውጤት አያሳይም።

ስለ ራሴ ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ ከ64 ተማሪ 31ኛ ነበርኩ። የወላጆች በዓል ሲመጣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ሲጠሩ አጨብጭቦ መሄድ ነበር ሥራዬ። አንድ ዓመት ግን አንዲት መምህርት የሚኒ ሚዲያውን የግድግዳ ጋዜጣ ማን እንደሚጽፈው ጠይቀው ስሜን አስጠሩ። ለጽሑፌ ማማር ስድስት ደብተር ተሸለምኩ። ሌላ ሽልማት ትምህርት ቤት ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ይኸው ዛሬም ጽሑፍ እያሳመርኩ ነው የምበላው።

ስለ ክለብም ያው ነው። ሐዋሳ ከተማ ክለብ በ1970 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በ1999 ዓ.ም. ደገመው። ሊጉ ፕሪሚየር ሊግ ከተባለ ወዲህ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ያወጣው የመጀመሪያው ክለብ እሱ ነው። ያን ጊዜ ከተማው ሲጨፍር የነበረ ሰው መቼም አይረሳውም። ከ1999 በኋላ ግን የሊግ ዋንጫ ወደ ሐይቁ ዳር አልመጣም። በጸሐፊው ሚዛን ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ባዶ ናቸው።

በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማ ነው። በዚያ ቡድን ሽመልስ በቀለም ነበረ። ሁለቱም ከሐዋሳ የተነሱ ናቸው። ይህ በየትኛው ዋንጫ ላይ ይቆጠር? ክለብ ደግሞ ልጅ አይወልድም። ከሰፈር ሜዳ ነው የሚወስደው። በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ክለቦች ብራቸው በአብዛኛው ለተጫዋች ደመወዝና ፊርማ እንደሚሄድ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ታኬታ ተዋውሶ በፈረቃ የሚጫወተው የታዳጊ ፕሮጀክት ግን የማንም በጀት ውስጥ የለም። ዋንጫ ይቆጠር ካልን እነዚህ ልጆች መቼም አይቆጠሩም፤ የሚጫወቱት ዋንጫ በሌለበት ነዋ።

አሁን ወደ ወጣት ማኅበራቱ። አበል ፈላጊ ናቸው፤ ባነር ይዘው ፎቶ ተነስተው ይበተናሉ ያሉት ነገር። አልዋሽም። አይቻለሁ። ለአንድ ቀን ብቻ የኖሩ ማኅበራት ባነር አትሜያለሁ። አንዱ ባነር ዛሬም አለ፤ ሠፈራችን ውስጥ የማገዶ እንጨት ላይ ተደርቦ ዝናብ ይከላከላል። ማኅበሩ ከፈረሰ ቆየ።

እንዲያውም ጸሐፊው የማያውቁትን ልንገራቸው። ኮምፒውተሬ ላይ «አስተዋጽኦ ፋይናል 7» የሚባል ፋይል አለ። «ላበረከታችሁት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ይህ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷችኋል» ይላል። ስሙን ብቻ እየቀየርኩ አትማለሁ። አንድ ክረምት ግን ሥራ በዝቶብኝ ችግኝ የተከሉትን ልጆች «ደም በመለገስ» ብዬ አመሰገንኳቸው። ከታተመ በኋላ ነው ያየሁት። ደንግጬ ይመልሱታል ብዬ ጠበቅኩ። ተፈረመ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ተሰጠ፤ ተጨበጨበ። ማንም አላነበበውም። ሰጪዎቹ ልጆቹ ምን እንደሠሩ አያውቁም ነበር። ተቀባዮቹም የሚነበብ ነገር ይኖረዋል ብለው አልጠበቁም።

እንዲህ ዓይነቱ ምስጋና ይቅር ካሉ፣ ይቅር። እጄን አወጣለሁ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው ሁሉንም አበል ፈላጊ ሲያደርጉ እዚያ ላይ ተለያየን።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከላይ የነገርኳችሁ አሠልጣኝ በሕይወት እያለ አንድ ጊዜ ሜዳ አጣን። ልጆቹ የሚጫወቱበት ቦታ ሌላ ሥራ ተጀመረበት። በአቅራቢያው ግቢ ያለው አንድ ተቋም ነበር፤ ሜዳው ከሰዓት በኋላ ባዶውን ነው የሚውለው። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲፈቅዱልን ደብዳቤ ይዘን ሄድን። እኔ ነበርኩ የተየብኩት። ሰውየው አነበበና «ማን ያውቃችኋል? ምን ማስረጃ አላችሁ?» አለ። ማስረጃ የለንም። ያኔ ሠላሳ ምናምን ልጅ አለን፤ ማስረጃ ግን የለንም። ተመለስን። እድራችን ሰማና በስብሰባው ላይ ይህ ቡድን ከእንዲህ ያለ ዓመት ጀምሮ በዚህ ሰፈር ይህን ያህል ልጅ ያሠለጥናል ብሎ ወረቀት ጻፈ። ማኅተም አደረገበት። ወደዚያው ሰው ያንኑ ደብዳቤ ይዘን፣ የእድሩን ወረቀት አያይዘን ሄድን። ፈቀደ። ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ያ ወረቀት በኋላ የት እንደገባ ጠፋ፤ ያቺን የቀብር ሌሊትም ፈልገን አጥተነዋል።

በእኛ አገር ወረቀት እንዲህ ነው የሚሠራው። ጸሐፊው ሰርተፍኬትን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ አድርገው ነው የሚያዩት። ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ወጣት ግን ፋይሉ ውስጥ ነው የሚይዘው። አዳራሽ ሲጠይቅ ያወጣዋል። የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ ያወጣዋል። በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ቢያንስ የምዝገባ ወረቀት አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ለማኅበራት ሰፋ ያለ በር ከፍቷል። የሰፈር ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባም የለው፣ ቢሮም የለው። ያለው ሥራው ብቻ ነው። ያንን ሥራ ያየ ሰው ካልመሰከረለት በወረቀት ዓለም ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ወጣት ወደዚህ ከተማ እንደገባ እናያለን። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። እድር የላቸውም፤ ዘመድ የላቸውም። እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰብ አንድ ማኅበር፣ አንድ የቡና ዙሪያ፣ አንድ የማታ ትምህርት ጓደኝነት ካገኙ ሰፈር የሚሆናቸው እሱ ነው። ይህን የምታሰባስብ ልጅ ከየትም አበል አይመጣላትም። ማንም «እናውቅሻለን» ካላላት ደግሞ አንድ ቀን ይደክማትና ትተዋለች። ስትተወውም ማንም አያውቅም።

አምስተኛው ነጥብ ምቀኝነት ነበር። አንዱ ሰፈር ሲሸለም ሌላው ያኮርፋል ይላሉ። ያኩርፍ። አኩርፎ እሱም ቡድን ካቋቋመ ምን ከፋን? ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ጸሐፊው ይቅር ይላሉ እንጂ በምን ይተካ አላሉም። እኔ እንደ ባለሙያ፣ እንደ አታሚ ማለቴ ነው፣ የሚመስለኝን ልበል። መጀመሪያ ሄዶ ማየት። በአዘቦት ቀን፣ ሳይነግሩ። ሰው አለ? ልጆች አሉ? ጠቋሚው ደግሞ ጎረቤቱ ይሁን፤ እድሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ሜዳው አጠገብ ቆሎ የምትሸጠው ሴት። እሷ ስንት ቀን እንደሚመጡ ታውቃለች፤ ማንም አይዋሻትም። ከዚያ የሠሩትን በስሙ መጻፍ። «ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ሱቅ ቢወጣ ደስ ይለኛል። «ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ልጆችን በነፃ ስላሠለጠናችሁ» ይባል። ከወረቀቱ ጋር አንድ የሚያዝ ነገር ይምጣ። የአዳራሽ ቁልፍ። የሜዳ ሰዓት። ሁለት ኳስ። ካባው ይቅር፤ በሐዋሳ ሙቀት ካባ ለብሶ ፎቶ መነሳት ለማንም ደስታ አይደለም፤ ላባቸውን እኔ ነኝ በኮምፒውተር የማጠፋው።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ሱቄ ድረስ ይምጡ፤ አብረን ሁለት ሦስት ሜዳ እንዙር። ከአረብ ሰፈር ጀምረን ወደ አቶቴ ብንወጣ ይበቃል። መመለሻችን ላይ ሐይቁ ዳር ቁርስ በእኔ ሒሳብ ነው። ካዩት ውስጥ ይገባዋል የሚሉት ቡድን ካለ ሰርተፍኬቱን በነፃ አትማለሁ፤ ላሚኔቱንም ጨምሬ።

ስማቸውንና የሠሩትን ግን አጣርተው ይዘው ይምጡ። በፋይናል 7 አልሠራም።